አገርን በእግር ስለ ማወቅ

በዓመት አንድ ጊዜ በሚወጣው በዚህ መጽሔታችን ላይ ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀም፣ ስለ መልካም ጠባይም ከእኔ የተሻሉ ብዙዎች ጽፈዋል። እኔ ዘንድሮ ልጽፍበት የተነሣሁት ነገር ግን ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ሊመስላችሁ ይችል ይሆናል። ይኸውም ስለ እግር መንገድ ነው። «መሄድ ማንም የሚያውቀው ነገር ሆኖ ሳለ ምን ይጻፍበታል?» የሚል ቢኖር፣ እኔም እስካለፈው ዓመት ጥር ወር ድረስ እንደዚሁ አስብ እንደ ነበር አስቀድሜ እነግረዋለሁ።

በዚያ ጥር ወር የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ባለቀ ማግሥት አንድ ባልና ሚስት ከአዲስ አበባ በመጣው አውቶቡስ ከከተማችን ከጭሮ ወረዱ። ባልየው የሂርና ሰዎች ልጅ ሲሆኑ በልጅነታቸው ወደ ውጭ አገር ሄደው ያደጉ ናቸው። ሚስታቸው ግን የአዲስ አበባ ተወላጅ ናቸው። ዕድሜያቸው ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆን ነው። እያንዳንዳቸው ከወገባቸው እስከ ራሳቸው የሚደርስ የጀርባ ሻንጣ ተሸክመዋል። አጎቴ የባልየውን ቤተሰብ ያውቅ ስለ ነበር ሊቀበላቸው ሲሄድ እኔን አስከተለኝና፣ «ይህ ልጅ የአገሩ ተወላጅ ነው፤ መንገዱን ያሳያችኋል» አላቸው። እኔም ደስ ብሎኝ፣ «ባጃጅ ልጥራ?» አልሁ። እነርሱ የፈለጉት ግን ወደ ኩኒ የሚወስደውን የእግር መንገድ ነበር። ከዚያም በጫካው ዳር ዳር አድርገው፣ በድንኳን እያደሩ፣ በሦስተኛው ቀን በደሳ ለመድረስ አስበዋል።

ይህ ወሬ በሻይ ቤቱ ሲሰማ የሆነውን ሳቅ አልረሳውም። አንደኛው «ምን ጥፋት አጥፍተው ነው?» አለ። ሌላው ደግሞ ስእለት ይሆናል ብሎ ጠረጠረ። አንድ የአይሱዙ ሾፌር ገንዘብ አጥሯቸው መስሎት ከልቡ አዝኖ፣ «እስከ በደሳ በነጻ አደርሳችኋለሁ፤ ፊት ወንበር አለ» አላቸው። ባልየው እጅ ነሥተው አመሰገኑት እንጂ አልተሳፈሩም። እኔም በውስጤ ከሳቂዎቹ ጋር ነበርሁ።

ሳቄ የቆመው ከከተማው ወጥተን ገና አንድ ሰዓት ሳንሄድ ነው። እትዬ (ሚስቲቱን እንዲህ ነበር የምጠራቸው) ከፊት ለፊታችን ያለውን ጋራ በዱላቸው እያመለከቱ፣ «የዚህ ስሙ ማነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። እኔ በዚህ ጋራ ሥር ተወልጄ አሥራ ስምንት ዓመት ኖሬአለሁ። የኤቨረስት ከፍታ 8849 ሜትር መሆኑን በቃሌ አውቃለሁ፤ የአልፕስን ተራሮች በካርታ ላይ አሳያለሁ። ለጥያቄያቸው የሰጠሁት መልስ ግን «ተራራ ነው» የሚል ነበር። እርሳቸው አልሳቁብኝም፤ ብቻ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ። እኔ ግን ጆሮዬ ድረስ አፈርሁ።

ከዚያ በኋላ ከኪሳቸው አንድ የዐሥር ሳንቲም ዝርዝር አወጡና በመዳፌ ላይ አኖሩልኝ። ዛሬ በዐሥር ሳንቲም የሚገዛ ነገር ስለሌለ ብዙዎቻችን ይህን ገንዘብ ረስተነዋል። በአንድ በኩል የአንበሳ ራስ፣ በሌላው በኩል ቀንዱ የተጠማዘዘ አንድ እንስሳ አለበት። «ይህን ታውቀዋለህ?» አሉኝ። «አጋዘን ነው» አልሁ። «የት ይኖራል?» ቢሉኝ «በባሌ» አልሁ። «ከትምህርት ቤትህ ሃያ ኪሎሜትር ያህል ርቆ በስሙ የተከለለ ቦታ መኖሩን አልነገሩህም?» አሉኝ። በእውነቱ የነገረኝ አልነበረም፤ ወይም ተነግሮኝ ከሆነ አልሰማሁም።

ይህን እንስሳ ፈረንጆች የተራራ ኒያላ ይሉታል፤ እኛ የደጋ አጋዘን እንለዋለን። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በስተቀር በሌላ አገር አይገኝም፤ በኢትዮጵያም ውስጥ ከስምጥ ሸለቆ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ባሉት ደጋዎች ብቻ፣ ማለት በባሌ፣ በአርሲና በእኛው በጨርጨር ተራሮች ይታወቃል። ወንዱ ክብደቱ እስከ 300 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ባክስተን የተባለው እንግሊዛዊ በ1908 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በአርሲ ተራሮች ባደነው መነሻነት፣ ሊዴከር የተባለው ሊቅ በ1910 ስሙን በሳይንስ መዝገብ አስገባለት። የአፍሪካ ታላላቅ እንስሳት ሁሉ ከተመዘገቡ በኋላ፣ ወደ መጨረሻው የታወቀ ነው ማለት ነው። ገበሬዎቻችን ግን ከጥንት ጀምሮ ከገብስ ማሳቸው ሲያባርሩት ኖረዋል። ኋላም በ1955 እና በ1956 ዓ.ም. መካከል ሌስሊ ብራውን የተባሉ የእንስሳት ዐዋቂ ይህንኑ አጋዘን ሊያጠኑ ባሌን በእግርና በበቅሎ ዞሩ። ከዚያ ጉዞ በኋላ ባሌ ብሔራዊ ፓርክ እንዲሆን የሚለው አሳብ ተነሣ፤ ዛሬም ከ2023 ጀምሮ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በእኛ ዘንድ ደግሞ በ1982 ዓ.ም. ገደማ የኩኒ ሙክታር የደጋ አጋዘን መጠበቂያ ተቋቋመ። ባሌን ዓለም ሲያውቀው ኩኒ ሙክታርን የጭሮ ተማሪ እንኳ አያውቀውም። ስንቶቻችን ኒያላ ሲባል ሲጋራውንና ኢንሹራንሱን ብቻ እናስባለን!

ስለ ሸክማቸው ጥቂት ልናገር፤ ነገሩ በጣም አስገርሞኛልና። ከመነሣታችን በፊት ሻንጣዎቹን በአንድ የቡና ነጋዴ ሚዛን ላይ አኑረዋቸው ነበር። የባልየው 16 ኪሎ፣ የሚስቲቱ 13 ኪሎ ሆነ። ድንኳኑን እርሳቸው፣ የድንኳኑን ምሰሶዎችና ምድጃውን ሚስታቸው ያዙ፤ ውኃውን እኩል ተካፈሉ። ከባዱ ዕቃ ከጀርባ ተጠግቶ ወደ ላይ ይቀመጣል፤ ቀላሉ ከታች ይሆናል። ሰፊ ቀበቶው ዳሌ ላይ ስለሚታሰር ክብደቱን የሚሸከመው ትከሻ ሳይሆን ዳሌና እግር ነው። እኔ ደግሞ እናቴ ያሰናዳችልኝን ስንቅ፣ ማለት በሶና ቆሎ፣ በፌስታል ይዤ ነበር። ማታ ምግባችንን ስናወጣ እነርሱ ከውጭ አገር የመጣ በወረቀት የታሸገ ደረቅ ምግብ ነበራቸው። ውኃ ፈልቶ፣ ዐሥር ደቂቃ ተጠብቆ ነው የሚበላው። የእናቴ በሶ ግን በቀዝቃዛ ውኃ ተበጥብጦ ወዲያው ተጠጣ። እትዬ ቀምሰው፣ «እኛ ይህን እያለን ነው ያን በዶላር የገዛነው?» ብለው ባላቸውን ሲመለከቱ ሳቃችን መጣ። አባቶቻችን ወደ ዘመቻም ሆነ ወደ ንግድ ሲሄዱ በሶውንና ጩኮውን በአቁማዳ፣ ውኃውን በቅል ይዘው እንደ ነበር አያቴ ነግራኛለች። ቀላል፣ የማይበላሽ፣ እሳት የማይፈልግ ስንቅ ማግኘት ለእኛ አዲስ ጥበብ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እመጣለሁ። ዳገቱን ስንወጣ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ወደ ጭሮ ገበያ ሲወርዱ አገኘን። ከመካከላቸው አንዷ ሰላምታ ሰጠችኝ። ባየኋት ጊዜ እስከ ዘጠነኛ ክፍል አብራን የተማረች ልጅ መሆኗን ዐወቅሁ። ሸክሙ ከቁመቷ ይረዝማል፤ የታሰረበት ገመድ ደረቷን ቆርጦታል። የእትዬን ሻንጣ አይታ፣ «ምን ይዛ ነው?» ብላ በኦሮምኛ ጠየቀችኝ። «ልብሷንና ምግቧን» አልኋት። «ልትሸጠው ነው?» አለች። «አይደለም፤ ይዛው ትዞራለች» ብዬ ስመልስላት እስክትቸገር ድረስ ሳቀች። እትዬ የተባለውን እንድተረጉምላቸው ጠየቁኝና፣ ሻንጣቸውን አውርደው እስቲ ያንቺን ልሞክር አሏት። ሞከሩ፤ ነገር ግን ቀና ማለት አልቻሉም። ልጅቷ መልሳ ተሸክማ ወረደች። እትዬ ከዚያ በኋላ ረዥም መንገድ ሳይናገሩ ሄዱ፤ እኔም ያች ልጅ በክፍላችን የነበረችበትን ወንበር እያሰብሁ ተከተልኋቸው።

ማታ ከጫካው ዳር ካለ አንድ መንደር ደረስን። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከማሳቸው ወጡና፣ «ከብት ጠፍቶባችሁ ነው?» አሉን። እንዳልጠፋብን፣ ጋራውን ለማየት ብቻ እንደ መጣን በኦሮምኛ አስረዳኋቸው። ሽማግሌው ለጥቂት ጊዜ ባልና ሚስቱን ተራ በተራ ካዩ በኋላ፣ «ጋራው እዚህ ነው፤ ግቡ» አሉ። ድንኳኑም በግቢያቸው አጠገብ ተተከለ። ወተት አመጡልን። ስለ አጋዘኑ ስንጠይቃቸው፣ እርሳቸው ልጅ ሳሉ ጎሕ ሲቀድ ገብሱን ሊበላ ከጫካው እየወጣ ይመጣ እንደ ነበርና አባታቸው ቆርቆሮ እየመቱ ያባርሩት እንደ ነበር ነገሩን። ጥዱና ዝግባው ያኔ እስከ የት ድረስ ይደርስ እንደ ነበር በእጃቸው አመለከቱ። እጃቸው ያመለከተው ቦታ ዛሬ ጫትና ማሽላ ነው። «አሁንስ?» ብንላቸው፣ «አሁን እርሱን ለማየት ዕድል ያስፈልጋል» አሉ። እኛም ያን ሌሊት ዕድሉ አልገጠመንም። የሰማነው ጅብ ነው፤ ሊነጋጋ ሲልም የጉሬዛውን ድምፅ ሰማን። የጉሬዛን ድምፅ ሰምታችሁ የማታውቁ እንዳላችሁ እገምታለሁ። እኔ በመጀመሪያ ትልቅ አውሬ መስሎኝ ከብርድ ልብሴ ውስጥ ገብቼ ተሸፍኜአለሁ፤ ይህንን መደበቅ አይገባኝም።

ቅዝቃዜውም ሌላ ነበር። ጭሮ ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ብርድን የምናውቅ ይመስለናል፤ እዚያ ላይ ግን ጣቶቼን ማጠፍ አቅቶኝ ነበር። በማግሥቱ እኔ ወደ ቤቴ ተመለስሁ፤ እነርሱ መንገድ ከሚያውቅ የሽማግሌው ልጅ ጋር ወደ ፊት ቀጠሉ። በሦስተኛው ቀን ከበደሳ ስልክ ደውለው በደኅና መድረሳቸውን ነገሩን። የእትዬ ተረከዝ ውኃ ቋጥሮ ስለ ነበር በመጨረሻው ቀን ባልየው ከሻንጣቸው አምስት ኪሎ ያህል ወስደው እንደ ያዙላቸው ሰማሁ። ቀደም ሲል በሰሜን ተራሮች ከደባርቅ ተነሥተው በሳንካበርና በጨነቅ አድርገው እስከ ራስ ዳሸን በሄዱ ጊዜ ደግሞ ባልየው ከፍታው ራሳቸውን አዙሯቸው፣ ሸክማቸውን የያዙላቸው ሚስታቸው እንደ ነበሩ ራሳቸው አጫውተውኛል።

ከተመለስሁ በኋላ ጓደኞቼ ብዙ ተከራከሩኝ። የሁሉም አሳብ ሲጨመቅ «ይህ የፈረንጅ ሥራ ነው፤ የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው» የሚል ነበር። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ለሚከበረው የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ከመቶ ኪሎሜትር በላይ ከሚርቅ ቦታ በእግራቸው የሚሄዱትን ማን ፈረንጅ አደረጋቸው? በከተማችን በኩል ባልና ሚስት ልጃቸውን አዝለው፣ አገልግላቸውን አንጠልጥለው ሲያልፉ በየዓመቱ አላየንምን? እንደዚሁም ከሐረርጌ ተነሥተው፣ ዋቢ ሸበሌን ተሻግረው፣ በቆላና በበረሃ አቋርጠው በባሌ ወዳለው ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን የሚጓዙ ወገኖቻችን አሉ። ጫፉ መንታ የሆነ በትራቸውን ይዘው ሲሄዱ የሚያድሩበትን ቤትና የሚበሉትን ምግብ በየመንገዱ ያለው ሕዝብ ይሰጣቸዋል። ከእነዚህ ጉዞዎች ጋር ቢነጻጸር የእነዚያ ባልና ሚስት ሦስት ቀን አጭር ነው። ስለዚህ ብዙ ቀን በእግር መሄድ፣ ስንቅን መሸከምና በሰው አገር ማደር የእኛው ልማድ ነው። በእኛ ዘመን የተረሳው በአውቶቡስና በባጃጅ ምክንያት ነው፤ እኔም አውቶቡስን አልጠላም።

ልዩነቱ አንድ ነው፤ እርሱንም አልክድም። የእኛ ሰው የሚሄደው ለስእለት፣ ለገበያ ወይም ለዘመድ ነው። ጋራውን ራሱን ለማየት የሚሄድ የለም። ስለዚህ ሽማግሌው ከብት ጠፍቶብን እንደ ሆነ መጠየቃቸው ትክክል ነበር። እኔ የምለው ግን፣ ሳናየው የጠፋ ነገር እንደ ጠፋ እንኳ አናውቅም። የሐረማያ ሐይቅ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሲደርቅ አገር ሁሉ ደነገጠ፤ ምክንያቱም መንገድ ዳር ስለ ነበረ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያየው ነበር። ስለ ታየና ስለ ተጮኸለት ብዙ ተደከመበት፤ በቅርብ ዓመታትም ውኃው ተመልሷል። የኩኒ ሙክታር ጫካ ግን ከመንገድ ገባ ያለ ነው። አጋዘኑ አንድ ቀን ፈጽሞ ቢጠፋ ማን ደንግጦ ይጮኻል? ዝናብን ይዞ ለምንጭ የሚያቀብለው ያ ጫካ መሆኑን በጂኦግራፊ ትምህርት ተምረናል፤ ፈተናም ላይ መልሰነዋል። በጀሪካን የምንቀዳው ውኃ ከየት እንደሚነሣ ግን ሄደን አላየንም።

ሁለተኛው ክርክር ከወላጆች በኩል የሚመጣ ሲሆን እርሱን በአክብሮት ነው የምመልሰው። ይኸውም የጸጥታ ነገር ነው። በ2010 ዓ.ም. በዞናችን ወሰኖች በተነሣው ግጭት ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ እንደ ተሰደደ እናውቃለን፤ ከዚያ ወዲህም መንገድ የተዘጋባቸው ጊዜያት ነበሩ። ልጁ አምሽቶ ሲገባ የሚጨነቅ አባት ጥፋተኛ አይደለም። እኔም አንድ ተማሪ ብቻውን ሻንጣ አንግቦ ጫካ ይግባ አልልም። እነዚያ ባልና ሚስት ራሳቸው ከመነሣታቸው በፊት የአካባቢውን ሹማምንት ጠይቀው፣ የመንደር ሰው ይዘው ነው የሄዱት። በሰሜን ተራሮችም ቢሆን ተጓዥ ያለ ጠባቂ እንዲገባ አይፈቀድም። ስለዚህ መንገዱ ሰላም መሆኑ ከተረጋገጠ፣ ሽማግሌ ከፊት፣ መምህር ከኋላ ከሆነ፣ አንድ ሌሊት አድሮ መመለስ የሚያስፈራ አይመስለኝም። ሰላም ካልሆነ ደግሞ ይቆየን።

ሦስተኛው ክርክር ግን ትዕግሥቴን ይፈትነዋል። «ወንዶቹስ ይሂዱ፤ ሴት ልጅ ግን ጫካ አድራ ምን ትባላለች?» ይላሉ። ይህን የሚሉት ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ አንዳንዶቹ የምወዳቸው ዘመዶቼ ናቸው። እኔም ያችን የቀድሞ የክፍላችንን ልጅ እያሰብሁ እጠይቃቸዋለሁ። ሌሊት በዐሥር ሰዓት ተነሥታ፣ ብቻዋን ጫካ ገብታ፣ እንጨት ለቅማ፣ ሃያ ኪሎሜትር ያህል ስትወርድ ነውር ነው ያላት ማነው? እኅቴ ጎሕ ሳይቀድ ጀሪካን ይዛ ስትወጣ ማን አብሯት ሄዶ ያውቃል? ሴት ልጅ ጋራውን ተሸክማ ስትወርድ ትክክል፣ ጋራውን ለማየት ስትወጣ ነውር የሚሆንበት ምክንያት አልገባኝም። ደርቭላ መርፊ የተባለች አየርላንዳዊት በ1966 እና በ1967 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከምጽዋ እስከ አዲስ አበባ በሰሜን ተራሮች በኩል አድርጋ፣ በቅሎ አስከትላ፣ አገራችንን በእግሯ አቋርጣለች፤ መጽሐፍም ጽፋለች። የደጋው ገበሬ በየቤቱ ተቀብሎ አሳድሯታል። የእኛ ሰው ለባዕድ ሴት ያሳየውን መልካምነት ለገዛ ልጁ ይነፍጋታል ብዬ አላምንም።

ደግሞም በባልና ሚስቱ ጉዞ ላይ ከሁሉ ይልቅ በልቤ የቀረው ተራራው ሳይሆን የሸክሙ ነገር ነው። አባቴ ይህን ሲያነብ እንደማይቀየመኝ ተስፋ አደርጋለሁ። በእኛ አገር ባልና ሚስት ከገበያ ሲመለሱ ባልየው ዱላውን በትከሻው አድርጎ ከፊት ይሄዳል፤ ሚስቲቱ ዕቃውን ተሸክማ ትከተላለች። እኔም ከእናቴ ጋር ገበያ ስሄድ እንዲሁ ሳደርግ ኖሬአለሁ፤ ዘንቢሉን እንድይዝላት ጠይቃኝም አታውቅም። ያን ዕለት ግን ሁለቱ ዕቃቸውን በሚዛን አስመዝነው፣ እንደ ጉልበታቸው ተካፍለው፣ አንዱ ሲደክም ሌላው ሲወስድለት አየሁ። ማንም ማንንም አላዘዘም። በሦስት ቀን መንገድ ላይ የሰው ጠባይ ይታያል መሰለኝ፤ በቤት ውስጥ ዓመት የሚፈጅ ክርክር በዳገት ላይ በሁለት ቃል ያልቃል። ከዚያ ወዲህ ዘንቢሉን እኔ እይዛለሁ። መጀመሪያ ላይ የሰፈር ልጆች ሳቁብኝ፤ አሁን ለምደውታል።

በመጨረሻም ክቡር ርእሰ መምህራችንንና የትምህርት ቤታችንን ኮሚቴ የምለምነው አንድ ነገር አለኝ። የጥር ወር ደረቅ ነው፤ ፈተናም ያልቃል። ዐሥራ ሁለት ተማሪዎች፣ ስድስት ወንድና ስድስት ሴት፣ ከሁለት መምህራን ጋር፣ ከእነርሱም አንዷ ሴት መምህር ሆነው፣ ከጭሮ ተነሥተን በእግር ኩኒ ድረስ እንሂድ። አንድ ሌሊት አድረን በማግሥቱ እንመለስ። ወጪው ብዙ አይደለም። ድንኳን ከሌለ የመንደሩ ሰው ቤት አለ፤ ስንቁን እናቶቻችን ያሰናዱልናል። እያንዳንዱ የራሱን ይሸከማል። የባዮሎጂ መምህራችን ዛፎቹን፣ ጥዱን፣ ዝግባውን፣ ኮሶውንና ወይራውን ያሳዩናል። ከመንደሩ ሽማግሎች የጋራዎቹን ስም አንድ በአንድ ጠይቀን በደብተር እንጽፋለን፤ በሚመጣው ዓመት መጽሔት ላይም በካርታ አድርገን እናወጣዋለን። አጋዘኑን ብናይ መልካም፤ ባናየውም መንገዱን ዐውቀን እንመለሳለን።

በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ አንድ ወረቀት ለጥፌአለሁ። መሄድ የሚፈልግ ስሙን ይጻፍበት፤ ከጎኑም ወላጁ ይፈርምለት። እስከ ዛሬ ድረስ ዘጠኝ ስም ተጽፎበታል። የመጀመሪያው የእኔ ነው፤ ሁለተኛው የእኅቴ ነው። አባቴ ለእኔ ፈርሞልኛል፤ ለእርሷ ግን ገና እያሰበ ነው።